ሙሉ ስክሪን ያወፈረው ሙሽራ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሱን ስም ግን ያወጣችው ከሱቁ ፊት ለፊት ፀጉር የምትሠራው ሴትዮ ናት። አንድ ቀን ከበሯ ላይ ቆማ «ሙሉ ስክሪን፣ ና እስቲ ይቺን መብራት እይልኝ» ብላ ተጣራች፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው። ጥፋቱም የራሱ ነው። የሱቁን ሰሌዳ ሲያጽፍ «ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት እንቀርጻለን፤ አሮጌ ካሴት ወደ ዲቪዲ እንገለብጣለን» ብሎ ማቆም ሲችል፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ሁሉም በሙሉ ስክሪን» ብሎ አስጨመረበት። ሰው ደግሞ ልብ የሚለው በቀይ የተጻፈውን ነው።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ካሴት የሚያጫውት አሮጌ ዴክ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከኋላው ሆዱ የተነፋ የድሮ ቴሌቪዥን አለ። ቴሌቪዥኑ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን የሚያገለግለው ለሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫነት ነው። «አውጥተህ አትጥለውም?» ሲሉት ግን ሙሉ ስክሪን ይከፋዋል። «እንጀራ ያበላኝን ሽማግሌ መንገድ ላይ አልጥልም» ይላል።

መዘዙ የመጣው ፍላት ቴሌቪዥን ሰፈሩን ሲያጥለቀልቀው ነው። ድሮ በካሴት የተቀረጸ ምስል ጠበብ ያለ ነው፣ የዛሬው ቴሌቪዥን ደግሞ ወደ ጎን የተዘረጋ፤ ጠባቡን ሰፊው ላይ ሲያሳዩት ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን የማያውቅ አንድ ጎልማሳ የራሱን ሠርግ ካሴት አስገልብጦ ወሰደና በማግስቱ ቱግ ብሎ መጣ።

«ግማሹን ቴሌቪዥን አጥቁረህ ሰጠኸኝ። ዳርና ዳር የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?»

«ወንድሜ፣ ያኔ ሲቀረጽም ጠባብ ነበር። ያልተቀረጸ ከየት ይመጣል?»

«እሱን አላውቅም። እኔ ቴሌቪዥኑን ስገዛ ሙሉውን ነው የገዛሁት።»

ኮምፒውተሩ ውስጥ «ስክሪኑን ይሙላ» የምትል አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ሙሉ ስክሪን ነካትና ምልክት አደረገባት። ምስሉ ግራና ቀኝ ተለጥጦ ጥቁሩን ዋጠው፤ ሰውዬውም መርቆት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ሳጥን ምልክቷ ተነሥቶላት አያውቅም።

እንግዲህ ጠባቡ ምስል ሰፊውን እንዲሞላ ሲለጠጥ፣ ሦስት ስንዝር የነበረው ወርድ አራት ስንዝር ይሆናል። ቁመት ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ከፍላት ቴሌቪዥን በፊት የተዳረ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወፈረ። አንዲት የሰፈር ሴት የወጣትነት ሠርጓን አይታ «ለካ ድሮም እንዲህ ነበርኩ፤ ምን አስራበኝ ታዲያ» ብላ የጀመረችውን ምግብ መቀነስ እርግፍ አድርጋ ተወች። ዕድሜ ልካቸውን ከስተው የኖሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ስገባማ እንዲህ ሞላ ያልኩ ነበርኩ፣ ያከሳኝ ትዳር ነው» እያሉ ሚስታቸውን ሲወቅሱ ከረሙ። ሙሽሪት ሞላ ብላ ታየች ተብሎ ደግሞ የተቀየመ የለም። ስክሪኑ እስከሞላ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው።

የሙሉ ስክሪን ዓይንም ለመደው። ዓይን ባለጌ ነው፤ ያሳዩትን ይለምዳል። ቀን ከቀን የተለጠጠ ሰው ሲያይ የሚውል ሰው፣ ሰው ሁሉ እንዲያ የተፈጠረ ይመስለዋል።

ይህ ሰው አንዲት እህት አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ሥራ ስትውል እሱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ሽበቱ ከጆሮው በላይ ወጥቶ ይታያል፣ ለሷ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው። እሱም «እታለም» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ባሏ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ መቃ የመሰለ ቀጭን፣ ረጅም ሰው። በየበሩ ግንባሩን ሲመታ ስላደገ፣ ቤተ መንግሥት የሚያህል በር ቢከፈትለትም ጎንበስ ሳይል አያልፍም ነበር። ሙሉ ስክሪን «ጋሼ» ይለዋል፣ ይወደውም ነበር። ልጅ አልወለዱም። ጋሼ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል።

እታለም ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋሼ ፎቶ ለመታወቂያ ተነሥቶት ኋላ ያስጎላችው ነው። ፊት ብቻ ነው፤ ያም ፊት ሰው ሊቆጣ የተነሣ ይመስላል፣ ሰውዬው ግን በሕይወት ዘመኑ ድመት እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም። ሲራመድ፣ ሲስቅ፣ ሲያወራ የሚታይበት ምስል አንድ ብቻ ነው፤ የሠርጋቸው ካሴት። እሱንም የሚያጫውተው ዴክ ገና ባሏ በሕይወት ሳለ ተበላሽቶ፣ ካሴቱ ቁም ሳጥን ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

ሙሉ ስክሪን ለእህቱ ፍላት ቴሌቪዥን ገዝቶ ሰቀለላት፣ የዲቪዲ ማጫወቻም ከሥሩ አስቀመጠላት። ከዚያ ካሴቱን ይዞ ሱቁ ገባ። ሥራውን አንጀቱን አውጥቶ ነው የሠራው። የድምፁን ሽውሽውታ አጠፋ። የደበዘዘውን ቀለም መለሰ። መጀመሪያው ላይ የሁለቱን ስም በአበባ አጅቦ ጻፈ፤ ላንድ ለማያውቀው ደንበኛ ይህን ሁሉ አይደክምም። መጠኑን ግን አንዴም አላሰበበትም። ሲጨርስ እጁ ራሱ ሄዶ የለመደውን አደረገ።

እታለም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቃል ሳትተነፍስ እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ «ተባረክ ማሙሽ፣ ደክመህበታል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ደስታ መሰለው። እህቱ ማልቀስ ስትፈልግ ጓዳ እንደምትገባ ከልጅነቱ ያውቃል፤ እንዳያሳፍራት ብሎ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። ወንድ ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ ሁሉን የተረዳ መስሎት ቁም ነገሩን ጥሎ ይሄዳል።

ከዚያ የተወሰኑ ሳምንታት አለፉ። አንድ ጧት ፀጉር ሠሪዋ መንገዱን ተሻግራ ከሱቁ በር ላይ ቆመች።

«እህትህ ምን ሆናብን ነው?» አለችው። «የቀሚስ ጨርቄን እኮ ሳትቆርጠው መለሰችልኝ። “ልክ እየተምታታብኝ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ውሰጂው” አለችኝ። እሷ ናት እንዲህ የምትለው? በዓይኗ ብቻ ለክታ የምትሰፋ ሴት?»

ሙሉ ስክሪን ኮምፒውተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሱቁን ቆልፎ እህቱ ቤት ሄደ።

የስፌት ማሽኑ አንሶላ ለብሷል። መቀሶቹ ከተሰቀሉበት ወርደዋል። እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተጣጠፈ ጨርቅ ፈትታ መልሳ ታጥፋለች።

«እታለም፣ ማሽኑን ምነው አለበስሽው?»

«ይረፍ ብዬ ነው። እሱም አርጅቷል።»

«ይሄን ለደንበኛ ንገሪ። እኔ ማሙሽ ነኝ።»

ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «የእናታችንን መጨረሻ ታስታውሳለህ?» አለችው።

እንዴት አያስታውስ። እናታቸው በመጨረሻ ዘመኗ ሰው እየጠፋባት ነበር። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ አማቿ፣ ኋላ ደግሞ የወለደቻቸው። ሙሉ ስክሪን ሊጠይቃት ሲመጣ ትክ ብላ አይታው «ይሄ ልጅ እናቱ አትፈልገውም እንዴ? ወደ ቤቱ ይሂድ እንጂ» ትል ነበር። እሱም እሺ ብሎ ይወጣና በር ላይ ትንሽ ቆሞ፣ እንደ አዲስ እንግዳ አንኳኩቶ ይገባል።

«እኔንም ጀምሮኛል» አለች እታለም።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ማንም አላለኝ። ያን የሠራህልኝን ዲቪዲ ሳይ ነው ያወቅኩት። ባሌን አላወቅኩትም ማሙሽ።»

እሷ ቀጠለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ የሌላ ሰው ሕመም እንደምትናገር ሆና።

«ከመኪና ሲወርድ አየሁት። ሙሽራው መሆኑን አበባው ነገረኝ እንጂ ፊቱ አልነገረኝም። አካሄዱም የሱ አይደለም። ብቻዬን ስሆን ደጋግሜ አየሁት፣ ምናልባት ይመጣልኛል ብዬ። አልመጣልኝም። የግድግዳውንማ ለምጄዋለሁ፣ እሱ ፎቶ ነው። እኔ የፈለግኩት ሰውዬውን ነበር። ሱፉን እኮ በእጄ ነው የሰፋሁለት፤ እሱንም ሳየው የኔ ሥራ አልመስል አለኝ። የገዛ ስፌቷን የረሳች ሴት በሰው ጨርቅ ላይ መቀስ ታሳርፋለች?»

«ቪዲዮው ይሆናላ» አለ ሙሉ ስክሪን። ሊያጽናናት ያህል ነው እንጂ እሱም አላመነበትም።

«ቪዲዮውማ ያንተ እጅ ነው» አለች። «አንተ ሠርተኸው ስህተት ይኖረዋል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ይህን ስትል ወቀሳ አልነበረበትም። ለዚያ ነው አንጀቱን የበላው።

ሱቁ ተመልሶ የእህቱን ዲቪዲ ቅጂ ከፈተ። ምን እንዳስደነገጣት ማየት ፈልጎ ነበር። እስካሁን ይህን ሠርግ ያየው እንደ ባለሙያ ነው፤ እዚህ ጋ ድምፁ፣ እዚያ ጋ ቀለሙ እያለ። አሁን እንደ ዘመድ ተቀምጦ አየው። መኪናው ቆመ። ሙሽራው ወረደ። አዳራሽ ገቡ፤ ከሙሽሮቹ በስተኋላ ግድግዳው ላይ የአዳራሹ ሰዓት ተሰቅሏል። ሙሉ ስክሪን ዓይኑ እዚያ ሰዓት ላይ ቀረ። ሰዓቱ በጎኑ የተኛ እንቁላል መስሏል።

ተነሣና የሻይ ሰሃኑን ከብርጭቆው ሥር ስቦ አወጣ። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ በጣም ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ላይ አቁሞ፣ ሰሃኑን ለጠፈበት። ከላይና ከታች ገጠመለት። ግራና ቀኝ ግን የሰዓቱ ዳር ከሰሃኑ እንደ ጆሮ ወጥቶ ቀረ።

ቀስ ብሎ ብርጭቆዎቹን ከአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ አወረደ። ዋናውን ካሴት ዴኩ ውስጥ ከተተ። ሽማግሌው ቴሌቪዥን አፍታ ካንገራገረ በኋላ በራ፤ መኪናው ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጡ፣ ቀጥሎ ያ መቃ አንገት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰዓት ድብልብል ያለ ክብ ነው።

«ጋሼ» አለ ሙሉ ስክሪን ለብቻው፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በጣም አፈረ። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ሲያወፍር ቀልድ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እዚህ ቤት ፈረሱ እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ዲቪዲ ምስልን የሚያስቀምጠው በአንድ ልክ ነው፤ ወደ ጎን ሰባት መቶ ሃያ ነጥብ፣ ወደ ታች አምስት መቶ ሰባ ስድስት። ጠባቡ የድሮ ምስልም ሆነ ሰፊው የዛሬው፣ ተጨምቆ እዚያው ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሻንጣ ውስጥ እንደታጠፈ ልብስ ማለት ነው። ሲወጣ ምን ያህል እንደሚዘረጋ የሚናገረው አብሮት የሚሄደው ምልክት ነው። ምልክቱ «አራት ለሦስት» ካለ በጠባቡ ይዘረጋል፣ «አሥራ ስድስት ለዘጠኝ» ካለ በሰፊው። ሙሉ ስክሪን ይህን አጥቶት አይደለም፤ ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የተማረው ይህንኑ ነው። ደንበኛ ዝም እንዲልለት ብሎ በጠባቡ ላይ የሰፊውን ምልክት ሲለጥፍ ኖረ እንጂ።

መጀመሪያ ልማዱ አልለቅ አለውና አንድ ብልጠት ሞከረ። ሳይለጥጥ፣ ጥቁርም ሳይተው፣ ምስሉን በሁሉም በኩል አሳድጎ የተረፈውን ከላይና ከታች መቁረጥ። ስክሪኑ ሞላ። ሙሽራው ግን ከቅንድቡ በላይ የለም። «ጋሼን በሕይወት ሳለ በር የመታው አይበቃም፣ አሁን ደግሞ እኔ ልቁረጠው?» ብሎ ተወው።

ያቺን ትንሽ ሳጥን ፈልጎ ምልክቷን አነሣ። መጠኑን በነበረበት ትቶ አራት ለሦስት ብሎ መረጠ። ኮምፒውተሩ ሥራውን ሲጨርስ የመጀመሪያው ነገር ሰሃኑን ማንሣት ነበር። ሰዓቱ ላይ ለጠፈው። በአራቱም በኩል ገጠመ።

እታለም በሩን ስትከፍትለት ዲስኩን እጁ ላይ አየችና ፊቷን አዞረች።

«ተወኝ ማሙሽ። ሁለቴ ማፈር አልፈልግም።»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጋሼን በወርዱ ለጥጬው ነው።»

«ልታጽናናኝ ነው። የሆድህን አውቃለሁ።»

«አንዴ ብቻ እዪልኝ። ከዚያ እንዳልሽ።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዲስኩን ከተተ። የሁለቱ ስም በአበባው መሃል መጣና ሄደ። መኪናው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፤ ከውስጡም ያው አጭር፣ ደንዳና፣ ትከሻው የሰፋ ሙሽራ ወረደ።

ሙሉ ስክሪን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ።

«አየህ» አለች እታለም በቀስታ። «ተወው በቃ።»

በገዛ ሰሃኑ ለክቶታል፣ ገጥሞ አይቶታል። ዲስኩ ልክ ነው። ዲስኩ ልክ ከሆነ ሌላ የሚለጥጥ አለ ማለት ነው። ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየው፤ ያኔ ትዝ አለው። ቴሌቪዥኑን የሰቀለላት ቀን፣ ሥራው አይደል፣ እሱ ራሱ ነው ሁሉንም ነገር እስከ ዳር ሙላ ብሎ ያስተካከለው።

«ሪሞቱ የታለ?»

ሪሞቱ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ነበር፤ የእታለም ነገር። በላስቲኩ ላይ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ጮኸ። ሌላውን ሲጫን ቋንቋው ተቀየረ። ላብ በላብ ሆነ። ሦስተኛውን ነካ፤ ምስሉ አደገና የሰው ሁሉ ራስ ተቆረጠ። እንደገና ነካው። በዚህ ጊዜ ምስሉ ከግራም ከቀኝም ወደ መሃል ተሰበሰበ፣ ዳርና ዳሩም ጥቁር ሆነ። ሠርጉን ወደ መጀመሪያው መለሰው።

መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጡ። ከዚያ አንገቱን አጥፎ ሙሽራው ወረደ፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ፣ ከራሱ በላይ ሰማይ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አንዴ ጎንበስ ብሎ አለፈ።

እታለም ከሶፋው ተነሥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደች።

«ጎንበስ አለ» አለች። «አየኸው? ምንም በሌለበት።»

«አየሁት።»

«ትከሻው ላይ ስፖንጅ ጨምሬበት ነበር፤ ቅጥነቱ እንዳያሳቅቀው ብዬ። ለማንም እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ስፌቱ ያለበት ጋ አሳረፈች። «ይኸው። ይሄ የኔ ነው።»

አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ግን ጓዳ አልገባችም፤ እዚያው ፊት ለፊቱ ቆማ አለቀሰች፣ ወንድሟም አብሯት አለቀሰ።

«ዳርና ዳሩ ባዶ ሆነብሽ» አላት ኋላ፣ ከልማዱ የተነሣ።

«ባዶ ለምጃለሁ» አለች። «እሱ በልኩ ይምጣልኝ እንጂ።»

ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሠርጉም ቀጠለ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ጎረምሳ እየደጋገመ ካሜራው ፊት ይገተራል፤ የሰፋ ሱሪ የለበሰ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ያልገባው፤ የያኔው ማሙሽ። እታለም ግንባሯን ቋጥራ ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?» አለች።

ሙሉ ስክሪን ዞሮ አያት። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«እታለም…»

«እናቱ አትፈልገውም እንዴ? ወደ ቤቱ ይሂድ እንጂ።»

ክው አለ። እሷ ግን ከንፈሯን መግጠም አቃታት፤ አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ደነገጥክ?»

«ደነገጥኩ እንጂ።»

«ይበልህ። እኔ ስንት ሳምንት እንዲያ ሆኜ ከረምኩ።»

ከዚያ አጠገቧ እንዲቀመጥ ሶፋውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። ሪሞቱን ከእጁ ወስዳ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። «ነገ ለዚያች ፀጉር ሠሪ ጨርቋን ታምጣ በላት» አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።